መስኮት ሠሪው ጀልባ ሲሠራ

ባሕር ዳር ውስጥ ለዓመታት የአልሙኒየም በርና መስኮት ስሠራ ኖሬያለሁ። ወደ ዘጌ መንገደኛ የሚያመላልስ ደንበኛዬ «አንተ አልሙኒየም ታውቃለህ፤ ለምን ጀልባ አትሠራልኝም?» ሲለኝ ሳላቅማማ እሺ አልኩት። ለካስ አላውቅም ነበር። የመስኮት አልሙኒየም ተቆርጦ በብሎን ይያያዛል፤ ጀልባ ግን ብየዳ ነው።

ላሜራው 5083 የሚባለው፣ ማግኒዚየም የተቀላቀለበት ነው። ለሆዷ 4 ሚሊ ሜትር፣ ለጎኗ 3 ሚሊ ሜትር አደረግሁ፤ ርዝመቷ ስድስት ሜትር ተኩል። ብረት ሲሞቅ ቀልቶ ያስጠነቅቅሃል፤ አልሙኒየም ግን ሳይቀላ በድንገት ቀልጦ ይወድቃል። ራሱ በ660 ዲግሪ ሲቀልጥ፣ የለበሰው ስስ የኦክሳይድ ቆዳ ከ2,000 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ከመበየዴ በፊት ብረት ነክቶ በማያውቅ የማይዝግ ብሩሽ እፈገፍገዋለሁ።

እሱን ሁሉ አድርጌም ብየዳዬ እንደ እንጀራ ዓይን ዓይን ሲያወጣ አንድ ሳምንት ሙሉ ማሽኑን ረገምኩ። ጥፋቱ የሐይቁ ንፋስ ነበር። ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚነሳው ነፋስ ብየዳውን ከአየር የሚከልለውን የአርጎን ጋዝ ጠርጎ ይወስደዋል። ከዚያ ወዲህ የምበይደው ጠዋት ብቻ ነው፣ ያውም በሸራ ከልዬ።

ከሁሉ የከበደኝ መጎበጡ ነው። የሆዷን መጋጠሚያ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ትንፋሽ በየድኩት። ሙቀቱ ላሜራውን ስቦ የኋላ ጫፏን ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች አጎበጠው። ውሃ ላይ ስናወጣት የኋላው ተነሥቶ አፍንጫዋን ቀበረች፤ የሞተሩን ጋዝ ስንጨምር ባሰባት። ያንን ክፍል ቆርጬ አወጣሁና እንደገና ጀመርኩ፤ አሁን ጣት የምታህል ብየዳ ግራ፣ ቀጥሎ ቀኝ፣ ከዚያ መሐል እያልኩ እያቀዘቀዝኩ እሄዳለሁ።

ፍሳሽ የምፈልገው በላምባ ነው። መጋጠሚያውን ከውጭ በተበጠበጠ ጠመኔ ቀብቶ ሲደርቅ ከውስጥ ላምባ ማፍሰስ፤ ቀዳዳ ካለ ጠመኔው ላይ እርጥብ ነጥብ ያወጣል። የተገኘውን ከመጠገን በፊት ግን ላምባው ጨርሶ መጽዳት አለበት፤ በእሳት ይያያዛል፣ ብየዳውንም ያበላሸዋል።

ሞተሩ ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነውና አየሩ ስስ ስለሆነ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል። አብሮት የመጣው ፕሮፔለር (ውሃውን የሚገፋው ተሽከርካሪ) ከብዶት ሞተሩ ዙሩን አልሞላም አለ። ፒቹን፣ ማለትም ፕሮፔለሩ በአንድ ዙር ወደፊት የሚሄደውን ርቀት፣ ከ13 ወደ 11 ኢንች ስናወርደው ተነፈሰ። ሞተሩን ለሚሸጥህ ሰው ከፍታውን ንገረው፤ እኔ ግን የነገረኝ የለም።

አንድ የደንገል ታንኳ ባለሙያ ሽማግሌ አንድ ቀን መጥተው ጎኗን በዘንጋቸው መታ መታ አደረጉና «ልጄ፣ ውሃ ቢሞላባት ምን ትሆናለች?» አሉኝ። «ትሰምጣለች፣ አባባ» አልኳቸው። ሳቁ። «የእኔ ደንገል ውሃ ቢሞላበትም ይንሳፈፋል። እርጥበት ጠጥቶ ሲከብድ አውጥቼ አደርቀዋለሁ፤ በቃ።» ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ወለሉን ፈታሁና ከስሩ ውሃ የማይጠጣ ፎም ጠቀጠቅሁበት፤ አንድ ሊትር ፎም አንድ ኪሎ ገደማ ይሸከማል።

ቀጥሎ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ሆን ብለን ውሃ ሞላናት። እኔና የጀልባዋ ባለቤት፣ ሁለት ረዳቶቼም ተሳፈርንባት። ውሃው ወገባችን ጋ ደረሰ፣ ጀልባዋ ግን አልሰመጠችም። ሽማግሌው ከዳር ቆመው አዩን፤ ግቡ ብንላቸው «እኔ የራሴ አለኝ» አሉ።