ባዶዬን የነዳሁት

የታክሲ ሥራ ስጀምር ማታ ኪሴ የገባው ሁሉ ትርፍ ይመስለኝ ነበር። ነዳጁን ቀንሼ ቀሪውን አጠፋለሁ። ጎማ እንደሚያልቅ፣ የፍሬን ሸራ እንደሚበላ ማን አስታወሰ? አራቱም ጎማ አንድ ላይ ሲያልቁብኝ ተበድሬ ቀየርኩ።

ከዚያ ደብተር ያዝኩ። ጉዱ የወጣው ያኔ ነው። ተሳፋሪ ለማንሳት 4 ኪሎ ሜትር ባዶዬን እሄዳለሁ። 10 ኪሎ ሜትር አደርሰውና 6 ባዶዬን እመለሳለሁ። የሚከፈለኝ የ10፣ የማቃጥለው ነዳጅ የ20! አሁን ራቅ ያለ ጥሪ ሲመጣ አልንሰፈሰፍም፤ መጀመሪያ የመልስ ሰው ይገኛል ወይ እላለሁ።

ኢንሹራንሱንማ ባላወራው ይሻላል። በቤት መኪና ውል ሰው በክፍያ ሳመላልስ ከረምኩ። ብጋጭ ሰባራ ሳንቲም ላይከፈለኝ ይችል ነበር። ውሉን ያነበብኩት ከሰባት ወር በኋላ ነው፤ ያውም ወንድሜ ጨቅጭቆኝ።