የመካኒሳው ውሃ አዋሽ ላይ

ቅዳሜ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ታናሽ ወንድሜን ቀስቅሼ ከመካኒሳ ወጣን። መኪናዋን ያዋሰኝ ጓደኛዬ ነው። ድልድዩን ስንሻገር እንደ ልማዳችን መስኮቱን ዘጋን። ከሥር የሚሄደው ትንሹ አቃቂ ነው። እዚህ ሰፈር ያደገ ሰው ሽታውን ያውቀዋል። አፍንጫችንን ይዘን ስናልፈው ነው ያደግነው።

መተሐራን አልፈን አዋሽ ፓርክ በር ላይ የደረስነው ጠዋት 2 ሰዓት አካባቢ ነው። ኢላላ ሳላ ሜዳ ላይ ሳላዎች አየን። ፊታቸው ጥቁርና ነጭ ነው፤ ቀንዳቸው እንደ ጦር ቀጥ ያለ። ወንድሜ "ውረድና ፎቶ እናንሳቸው" እያለ ነዘነዘኝ። እኔ ግን ልቤ ወንዙ ጋ ነበር።

ፏፏቴው ገና ሳይታይ ድምፁ ይሰማል። እዚያ ብቻችንን እንዳንሄድ አንድ ስካውት፣ የፓርኩ ጠባቂ፣ ተሰጠን። ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ ጠመንጃቸውን በትከሻቸው አንግተው ከፊት መሩን። ገና ጥቂት እንደሄድን ወደ ወንድሜ ዞር አሉ።

"ልጄ፣ ወሬው ከበዛ የምታየው ነገር የለም።"

ወንድሜ ዝም አለ። እሱ ዝም ሲል ማየት ብርቅ ነው።

መንገዱ በወንዙ ዳር በዛፎች ጥላ ሥር ይሄዳል። መሬቱ አቧራና የወደቀ ሾላ ነው። ላያችን ላይ ቅርንጫፍ ተንኮሻኮሸና ጉሬዛዎች አንድ በአንድ ዘለሉ። ነጩ ጭራቸው ከኋላቸው እንደ ነጠላ ጫፍ ይውለበለባል። ከዝንጀሮዎቹ ጋር ደግሞ ብዙ ቆየን። ከፏፏቴው በላይ አንድ ዓይነት ዝንጀሮ ይኖራል፤ በታች በኩል ደግሞ ወንዱ ሽበት የመሰለ ጎፈር ያለው ሌላ ዓይነት። ፏፏቴው አካባቢ ሁለቱ ይገናኛሉ፤ ይዋለዳሉም። ተመራማሪዎች ለዓመታት የተመላለሱት ይህንኑ ለማየት ነው። ስካውቱ ከሩቅ አይተው "ያ ክልስ ነው" ሲሉ እኔ ምኑን እንዳዩ አልገባኝም። ቆይቼ ግን ጎፈሩ አጠር ያለ፣ ቀለሙም መሃል ላይ የቀረ መሆኑን ለየሁ።

ድንገት ስካውቱ እጅጌዬን ያዙኝ። ምንም አልተናገሩም። በአገጫቸው ወደ አሸዋው ጠቆሙ። እኔ ያየሁት ግንድ ነበር። ግንዱ አፉን ከፍቷል። አዞው ጥርሱን ፀሐይ እያስመታ ሳይንቀሳቀስ ተኝቷል። ከሱ ራቅ ብሎ ጥቁርና ነጭ ዓሣ አዳኝ ወፍ አየር ላይ አንድ ቦታ ቆሞ ክንፉን ያርገበግባል። ቆመ፣ ቆመ፣ ከዚያ እንደ ድንጋይ ወደቀ። ሲነሳ ምንቃሩ ላይ ብር የመሰለች ነገር ትንቀጠቀጥ ነበር።

ትንሽ ወረድ ብለን ሸምበቆው ውስጥ የተወሸቀ የውሃ ላስቲክ አየን። ስካውቱ በዱላቸው ስበው አወጡትና ኪሳቸው ከተቱት። ወንድሜ "ይሄ ከየት መጣ?" አላቸው።

"ከላይ ነዋ። ከእናንተ አገር።"

እንዲህ ያሉት ለነገር አልነበረም። እኔን ግን ወጋኝ። መንገዱን አውቀዋለሁ። ትንሹና ትልቁ አቃቂ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ አዋሽ ውስጥ ይገባሉ። አዋሽ ራሱ ከጊንጪ በኩል ተነስቶ ይመጣና ሁሉንም ተሸክሞ ቆቃ ይገባል። ቆቃ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀ ግድብ ነው። ከግድቡ የተለቀቀው ውሃ ወንጂን፣ ሶደሬን፣ መተሐራን አልፎ እዚህ ይደርሳል። ወደ 1200 ኪሎ ሜትር ተጉዞም ባሕር አያገኝም፤ አፋር ምድር ላይ፣ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያልቃል። የተሸከመውን የሚያራግፍበት ሌላ ቦታ የለውም።

ይህን እያሰብኩ ሳለ አንዲት ጦጣ ወደ ውሃው ወረደች። ልጇ ሆዷ ላይ ተለጥፏል። ግራ ቀኝ አየች። አዞው ያለበትን አቅጣጫ ደጋግማ አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጠጣች። ልጇም አንገቱን አውጥቶ አፉን አረጠበ። እሷ የፈራችው አዞውን ብቻ ነው። እኔ ግን ውሃውን እያየሁ የሰፈሬን ድልድይ አሰብኩ፤ ከዚያ ላይ ሲጣል ያየሁትን ሁሉ። ልጅ ሆኜ እኔም የጣልኩትን።

ስንመለስ ብዙ አላወራንም። መካኒሳ ስንደርስ ሊመሽ ነበር። ድልድዩ ጋ መኪናዋን ዳር አስይዤ ወረድን። ሽታው ያው ነው። ጭቃው ዳር ላይ አንድ ረጅም ቆልማማ ምንቃር ያለው ወፍ እየጫረ ይለቅማል። ለካ እዚህም ወፍ አለ። ላወራ አፌን ስከፍት ወንድሜ እጅጌዬን ያዘኝ፤ በአገጩም ወደ ታች ጠቆመኝ። ሁለተኛ ወፍ ነበረች።