ነጠላዋን የምታስተካክልባቸው ቦታዎች

እማዬ ዳገት ስትወጣ ትቆም ነበር። ሁሌም ሦስት ቦታ። ነጠላዋን ታወርዳለች፣ ታራግፋለች፣ እንደገና ትለብሰዋለች። ቀስ ብላ ነው። ጫፉን ከጫፉ አጋጥማ፣ ጥለቱን አስተካክላ፣ ትከሻዋ ላይ ታሳርፈዋለች። እኔና ወንድሜ እስክትጨርስ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። ጠንቃቃ ሴት ማለት እንደ እማዬ ነው እያልኩ ነው ያደግሁት። ነጠላዋ ሳይስተካከል ቤተ ክርስቲያን ደጅ የማትደርስ።

ለምን ትቆም እንደነበር የገባኝ ገና ባለፈው ወር ነው። እኔ አሁን 35 ዓመቴ ነው። እሷ ስታርፍ 34 ነበረች።

ቤታችን ከሽሮሜዳ ከፍ ብሎ፣ ወደ ቁስቋም ሲወጣ ነበር። ያኔ የከተማው ጫፍ ነው። ከእኛ በላይ ባሕር ዛፍ ብቻ። ጠዋት ጠዋት እንጨት የተሸከሙ እናቶች ጎንበስ ብለው ቁልቁል ይወርዳሉ፤ ማታ ጅብ ይጮኻል። አባቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ስለነበር በወር አንዴ ቢመጣ ነው። ቤቱን ያቆመችው እማዬ ናት።

በፈትል ነው ያቆመችው። ሽሮሜዳ የሸማኔ ሰፈር ነው። ድሩን ከገበያ ይገዙታል፤ በእጅ የተፈተለ ማግ የሚፈልግ ደንበኛ ግን አይጠፋም ነበር። እማዬ በሩ ላይ በርጩማዋን አውጥታ ትቀመጣለች። ባዘቶውን በግራ እጇ ትይዛለች። እንዝርቱን ቀኝ ጭኗ ላይ ሸርተት አድርጋ ትለቀዋለች፤ ግራ እጇ ወደ ላይ ከፍ ይላል፤ ክሩ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ይወጣል። አይበጠስም። ሁሉም ቀሚሶቿ ቀድመው የሚያልቁት አንድ ቦታ ላይ ነበር፤ ቀኝ ጭኗ ላይ፣ እንዝርቱ የሚሽከረከርበት። ሌላው ጨርቅ ደህና ሆኖ እዚያ ጋ ብቻ ይሳሳል። አንዴ እኔ ጣቴን በሳሳው በኩል ሳሾልክ ስቃ እጄን መታ አደረገችኝ። ሸማኔዎቹ ማጉን በጣቶቻቸው መሐል አሳልፈው ሳይጠይቁ ያውቁታል። «ይሄ የሷ ነው» ይላሉ። ይህን ስሰማ ደረቴ ይነፋ ነበር።

ጎረቤቶቻችን እንጨት ይለቅማሉ፣ የቀን ሥራ ይሄዳሉ፣ ልብስ ያጥባሉ። እሷ ለምን ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሥራ እንደመረጠች ጠይቄ አላውቅም።

በወር በ21 እንጦጦ ማርያም እንወጣለን። በእግር። የመጀመሪያው ማረፊያዋ መታጠፊያው ላይ ነው። ነጠላዋን እያስተካከለች ታወራልናለች። «እቴጌ ጣይቱ በዚህ ነው የወረዱት። ቤታቸው እላይ ነበር። ብርዱ ሲበረታባቸው ወደ ፍልውሃ ወረዱ። እዚያ ቤት ተሠራ፤ ስሙንም አዲስ አበባ አሉት።» እዚያ ጋ ዝም ትላለች። ቆይታ ትቀጥላለች። ትምህርት ቤት ይህንኑ ታሪክ ስማር፣ ምኒልክም በ1882 ዘውድ የጫኑት እዚያው እንጦጦ ማርያም መሆኑን ሲነግሩን፣ እኔ ከእማዬ ጋር ቀድሜ የሰማሁት ስለሆነ የቤተሰብ ወሬ ነበር የሚመስለኝ።

ሁለተኛው ማረፊያ ከተማው ወለል ብሎ የሚታይበት ነው። «እስቲ አዲስ ቆርቆሮ ቁጠሩልኝ» ትለናለች። የሚያብረቀርቀውን እየለየን እንቆጥራለን፤ እንጣላለን፤ እንደገና እንጀምራለን። ሦስተኛው ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል ትቀነጥሳለች። «በመዳፋችሁ እሹና አሽትቱት። ደረት ይከፍታል።» እሷም አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ዓይኗን ትጨፍናለች። ረጅም ትስባለች።

«እማዬ ደከመሽ?»

«እኔ? እናንተን አይቼ ነው እንጂ።»

ባለፈው ወር የሰባት ዓመት ልጄ አተኮሳት። ምራቋን መዋጥ አቃታት። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሲስተሯ ጉሮሮዋን በባትሪ አየችና ሽሮፕ ጻፈችልን። «10 ቀን ነው። በሦስተኛው ቀን ስትቦርቅ አይተሽ እንዳታቋርጪባት» አለችኝ። ለምን ብዬ ጠየቅሁ። «ልብ ላይ ይወጣል» አለች።

ከዚያ አስረዳችኝ። የቶንሲሉ ባክቴሪያ በደንብ ሳይታከም ሲደጋገም፣ ሰውነት እሱን ሲዋጋ የራሱንም የልብ በሮች፣ ቫልቮቹን፣ ይጎዳል። በሩ እያደር ይጠባል። በልጅነት የተጎዳው ልብ ለዓመታት ምንም ላያሳይ ይችላል። ብዙ ሴቶች የሚታወቅባቸው ሲያረግዙ ነው። ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ማታ ጋደም ማለት ያቅታቸዋል። «ሁለት ሦስት ትራስ ደርበው ነው የሚተኙት» አለች።

እማዬ ሦስት ትራስ ነበራት። እኔና ወንድሜ አንዱን ስጪን እያልን እናስቸግራት ነበር።

ማታ መንዝ ላለችው አያቴ ደወልኩ። «እማማ፣ እማዬ በልጅነቷ ጉሮሮዋን ያማት ነበር?»

«ኧረ በየክረምቱ! እንጥሏን አስቆረጥናት እንጂ።»

ስልኩን ይዤ ዝም አልኩ። አልተቆጣኋትም። ምን ታድርግ? ጤና ጣቢያ በእግር የቀን መንገድ ነው፤ እንጥል ቆራጩ ግን ጎረቤት ነው። ለልጇ የምታውቀውን ሁሉ አደረገች። እንጥል መቁረጥ ግን ያን ባክቴሪያ አይነካውም። ዛሬም እንጥል የሚያስቆርጥ ወላጅ ካለ፣ እባካችሁ፣ ልጃችሁን ሐኪም ዘንድ ውሰዱ።

በነጋታው የእማዬን ሣጥን ከፈትኩ። ከቁም ሣጥኔ ላይ ለዓመታት ተቀምጧል። እንዝርቷ አለ። አንድ ሙሉ ልቃቂት አለ። ከሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ካርድ አገኘሁ። የፔኒሲሊን መርፌ ካርድ ነው። ወንድሜን ስታረግዝ፣ በ1987፣ ነው የሚጀምረው። የልብ ሕመሙ እንዳይብስ በየ28 ቀኑ የምትወጋው ነው፤ መርፌውን ከመድኃኒት ቤት ራሷ ገዝታ ነበር ይዛ የምትሄደው። ቀኖቹ ተራ በተራ ተጽፈዋል። ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር፣ አንድም አልዘለለች። ከ1990 ጀምሮ ግን መስከረም መስከረም ባዶ ነው።

በ1990 ነው አንደኛ ክፍል የገባሁት። መስከረም ላይ አዲስ ሸራ ጫማና ደርዘን ደብተር ሳይኖረን ቀርቶ አያውቅም። ደብተሮቹን በጋዜጣ የምትሸፍንልን እሷ ነበረች፤ ማዕዘኑን በጥፍሯ እየጫነች።

ካርዱን ይዤ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ልጄ መጥታ «ምንድን ነው እሱ?» አለችኝ። የአያትሽ ነው አልኳት።

ያን ጊዜ የጠበበ ቫልቭ በቀዶ ሕክምና ማስተካከል ለእኛ ቢጤ የማይታሰብ ነበር። ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ያለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል ሥራ የጀመረው በ2001 ነው። እሷ ካረፈች ከሰባት ዓመት በኋላ።

ለመጨረሻ ጊዜ አብረን እንጦጦ የወጣነው በ1994 ኅዳር ጽዮን ለት ነበር። ያን ቀን ሰባት ቦታ ቆመች። ነጠላዋን ሰባቴ አስተካከለች። ታሪኩ አልቆባት የእቴጌን ሁለቴ ነገረችን፤ ወንድሜ «ነግረሽናል እኮ» አላት። ጥር ላይ፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ አረፈች። ስለዚያ ሳምንት ብዙ መጻፍ አልፈልግም።

በዚህ ወር በ21 ልጄን ይዤ ወጣሁ። መንገዱ ተለውጧል። በ2013 እንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ መኪናው ብዙ ነው፤ በእግር የሚወጣ ሰው ግን ዛሬም አለ። መታጠፊያው ላይ ቆምኩና የእቴጌ ጣይቱን ነገርኳት። ሁለተኛው ላይ ቆርቆሮ ልንቆጥር ብንል ፎቁ በዛብን። ሦስተኛው ላይ ነጠላዬን አወረድኩ። እኔ ትንፋሽ አላጠረኝም። ግን አራገፍኩት፣ ጫፉን ከጫፉ አጋጠምኩ፣ እሷ ትቆም የነበረውን ያህል ለመቆም ሞከርኩ።

ልጄ ቅጠል አሽታ ሰጠችኝ። ዙሪያዬን ሁለቴ ዞረች። ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፣ ተነሳች፣ «እማ፣ አልጨረስሽም?» አለችኝ።

ለካ ረጅም ነበር።