ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት ቴሌግራማችሁን እዩ

ሰላይ አፕ ስልኬ ውስጥ መኖሩን ያወቅኩት በባትሪው ቶሎ ማለቅ አይደለም። ፕሌይ ስቶር ገብቼ አደገኛ አፖችን የሚፈትሸውን ፕሌይ ፕሮቴክትን ሳየው ጠፍቷል፤ እኔ አላጠፋሁትም። ቀጥዬ ሴቲንግ፣ ከዚያ አክሰሲቢሊቲ (አካል ጉዳተኞች ስልክ እንዲጠቀሙ የሚያግዙ ፈቃዶች ያሉበት) ገባሁ። «ሲስተም ሰርቪስ» የሚባል የማርሽ ምልክት ያለው አፕ ስክሪኔን የማንበብ ፈቃድ ይዞ ተቀምጧል። ዲቫይስ አድሚን (ስልኩን የማስተዳደር ሥልጣን የተሰጣቸው አፖች ዝርዝር) ውስጥ ስለተመዘገበ አንኢንስቶሉ ደብዝዞ አይነካም፤ መጀመሪያ እዚያ ፈቃዱን መንሳት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 የካናዳው የዲጂታል ስለላ ተመራማሪ ቡድን ሲቲዝን ላብ ባጋለጠው ስለላ፣ ውጭ አገር ላሉ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች ሰላዩ የተላከው የፍላሽ (የቪዲዮ ማጫወቻ ሶፍትዌር) አፕዴት መስሎ በኢሜይል ነበር። የቅርብ ሰው የሚጭነው ግን ሊንክም አይፈልግም። ፓስዎርዳችሁን ካወቀ፣ ስልኩን ለጥቂት ደቂቃ መያዝ ይበቃዋል።

ጥገና ቤቱ «ፎርማት አድርገው፣ ሁሉም ይጠፋል» አለኝ። አምኜ አደረግኩት፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ፎርማት የሚያጠፋው ስልኩ ላይ ያለውን ነው። ቴሌግራሜ ግን በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይም ተከፍቶ ነበር፣ እሱን ፎርማት አይነካውም። እንደገና ስገባ ኮዱ በኤስኤምኤስ አልመጣም፤ ቴሌግራም ኮዱን የሚልከው ቀድሞ ተከፍቶ ወዳለው ዲቫይስ፣ ማለትም ወደዚያው ኮምፒውተር ነበር። በኤስኤምኤስ ይላክልኝ ብዬ ገባሁና ዲቫይስስ የሚለውን ከፍቼ ላስወጣው ስል ከለከለኝ። አዲስ የገባ ስልክ 24 ሰዓት ሳይሞላው ቀድመው የገቡትን ማስወጣት አይችልም። ደንቡ የወጣው ሌባ ባለቤቱን እንዳያባርር ነው፤ በፎርማቱ ግን አዲስ ገቢ የሆንኩት እኔ ነኝ። ያን ሁሉ ሰዓት መልእክቴ ይነበባል፣ ሲፈልግም እሱ እኔን ማስወጣት ይችላል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አትሳቱ። ሰላዩ አብሯችሁ የሚኖር ከሆነ አፑ ሲጠፋ ያውቃል፤ አስቀድማችሁ የምትሄዱበትን አስተማማኝ ቦታ ያዙ። አክሰሲቢሊቲና ዲቫይስ አድሚን ላይ ያለውን በሌላ ስልክ ፎቶ አንሱ፣ ከፎርማት በኋላ ማስረጃ የለም። ከዚያ ስልኩ ገና ፎርማት ሳይደረግ ቴሌግራም ላይ ሌሎቹን ዲቫይሶች በሙሉ አስወጡ፣ የዋትስአፕ ሊንክድ ዲቫይስስንም እንዲሁ። የጂሜይል ፓስዎርድ በሌላ ንጹህ ስልክ ይቀየር። የቴሌግራምን ተጨማሪ ፓስዎርድ (ከኮዱ በላይ የሚጠየቀውን) ግን ከፎርማት በፊት እንዳትጽፉ፤ ስክሪን የሚያነብ አፕ እሱንም ያነባል። ፎርማቱ ሲያልቅም አፖቹን ከባክአፕ አትመልሱ፣ አንድ በአንድ ከፕሌይ ስቶር አውርዱ።