ቢዩልድ የሚያስነሱትን ብራንቾች እንዴት እንደገደብኩ
ቢሯችን ቱሉ ዲምቱ ነው፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ መግቢያ አካባቢ። ኮዳችንን የምናስቀምጥበትን የጊትሀብን ቲም ፕላን የምንከፍለው አሜሪካ ባለው የአለቃችን ወንድም ካርድ ነው፣ በወር 3000 የአክሽንስ ደቂቃ ይሰጣል፣ አክሽንስ ማለት ኮዱን በራሱ የሚገነባና የሚፈትሽ (ቢዩልድ የሚያደርግ) አገልግሎት ነው። ብዙ ይመስላል አይደል? እኔ ሥራውን ስረከብ ግን ወርክፍሎው ፋይሉ፣ ማለትም አክሽንስ መቼ ምን እንደሚሠራ የሚጻፍበት ፋይል፣ ፑሽ በተደረገ (ኮድ ወደ ጊትሀብ በተላከ) ቁጥር ሩጥ ብቻ ነበር የሚለው፣ የትኛው ብራንች (ለየብቻ የሚሠራበት የኮዱ ቅጂ) ላይ የሚል ነገር የለውም። ስለዚህ አንዱ ሪድሚ (የመግለጫ ፋይል) ላይ ፊደል ሲያስተካክል ሙሉ ቢዩልድ፣ ሌላው ማታ የኮዬ ታክሲ እንዳያመልጠው ግማሽ ኮድ ፑሽ አድርጎ ሲወጣም ሙሉ ቢዩልድ፣ ወሩ ሳያልቅ ደቂቃው ያልቃል። ጨምራችሁ ግዙ እንዳትሉኝ፣ የሰው ካርድ ላይ በየወሩ ዶላር ጨምርልን ማለት ያሳፍራል። ቢሮ ያለውን ኮምፒውተር ራነር (ቢዩልዱ የሚሮጥበት ማሽን) እናድርገው የሚል ሀሳብም ነበር፣ ግን መብራት ሲሄድ ቢዩልዱም አብሮ ይሄዳል።

መጀመሪያ ቀላሉን አደረግኩ። ፑሽ ከሚለው ስር ብራንችስ (branches) ብዬ ሜይን (ዋናው ብራንች) እና ሪሊዝ ስላሽ ሁለት ኮከብ (release/**) ጻፍኩ። ሁለት ኮከብ ያደረግኩት አንድ ኮከብ ስላሽ ስለማያልፍ ነው፣ ስሙ ውስጥ ሌላ ስላሽ ያለበት ብራንች ይቀርባችኋል። የምትጽፉት በኮከብ የሚጀምር ከሆነ ደግሞ ጥቅስ ውስጥ አስገቡት፣ ያምል (ፋይሉ የሚጻፍበት ቋንቋ) ኮከብን ለራሱ ነገር ስለሚጠቀምበት ፋይሉ አይነበብም። ብራንችስ እና ብራንችስ ኢግኖርን (እነዚህን ተው የሚለውን) ለአንድ ኢቨንት፣ እንደ ፑሽ ላለ ወርክፍሎውን ለሚያስነሳ ነገር፣ አብሮ መጻፍ አይቻልም፣ አንዱን ምረጡ። ፊቸር ብራንች (አዲስ ሥራ የሚሠራበት) ላይ ያለው ሥራ ቴስት የሚደረገው እንግዲህ ፑል ሪኩዌስት (ኮዴን አስገቡልኝ የሚል ጥያቄ) ሲከፈት ነው፣ እዛ ጋ የምትጽፉት የብራንች ስም ኮዱ የሚገባበት እንጂ የሚመጣበት አይደለም፣ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው።

ለውጡን ሜርጅ አደረግን (ሜይን ውስጥ አስገባነው)፣ በማግስቱ አንዷ ልጅ "ኧረ ይሄ ነገር አልሰራም፣ የኔ ብራንች አሁንም እየሮጠ ነው" አለችኝ። እውነቷን ነው። ፑሽ ሲደረግ የሚነበበው እዛው ብራንች ላይ ያለው ፋይል ነው፣ ሜይን ላይ ያለው አይደለም። የሷ ብራንች ከለውጡ በፊት የተቆረጠ ስለሆነ የድሮውን ፋይል ይዞ ይዞራል። መድኃኒቱ ሜይንን ወደ ብራንቹ ማስገባት ነው፣ የሞቱትን ብራንቾች ደግሞ መሰረዝ፣ እሱም ላይ "ይሄንን እፈልገዋለሁ" የሚል አይጠፋም።

ከዛ ሌላ መጣ። ሪሊዝ ብራንች ላይ ቴስቱ ካላለፈ ሜርጅ አይደረግም የሚል ሩል ነበረን፣ የፑል ሪኩዌስቱ ፊልተር (የብራንቾቹ ዝርዝር) ላይ ግን ያለው ሜይን ብቻ ነው። ወርክፍሎው በፊልተር ምክንያት ካልተነሳ ቼኩ (የቴስቱ ውጤት) ፔንዲንግ፣ ማለትም በመጠበቅ ላይ፣ ሆኖ ይቀራል፣ አልወደቀም አላለፈም፣ ሜርጅ በተኑ ተዘግቶ ቁጭ። ሪሊዝን ፊልተሩ ላይ ጨመርኩ ተፈታ። ፊልተሩን ትታችሁ ጆቡ (ወርክፍሎው ውስጥ ያለው ሥራ) ላይ ኢፍ (እንዲህ ከሆነ ብቻ ሩጥ የሚል) ብትጽፉ ደግሞ የተዘለለ ጆብ እንዳለፈ ነው የሚቆጠረው፣ አይዘጋባችሁም፣ ግን ቴስት ሳይደረግ አረንጓዴ ይሆናል ማለት ነው፣ እኔ አልወደድኩትም።

የደነገጥኩት ግን ዲፕሎይ ላይ ነው፣ ኮዱን ተጠቃሚ ወደሚያየው ሰርቨር ማውጣት ላይ። አዲስ የገባ ልጅ፣ ተንኮል የለውም፣ ዲፕሎይ እንዴት እንደሚሰራ ለማየት ብሎ በራሱ ብራንች ላይ ፊልተሩን አጥፍቶ ፑሽ አደረገ። ሰርቨሩ ላይ ወጣ! ፊልተሩ ያለው ፑሽ ማድረግ የሚችል ሁሉ በሚነካው ፋይል ውስጥ ነው፣ ደቂቃ ይቆጥባል እንጂ ማንንም አይከለክልም። ልጁን የተቆጣው ሰው አልነበረም፣ በሩ ክፍት ነበር።

ስለዚህ የጊትሀቡ ሴቲንግ ውስጥ ፕሮዳክሽን የሚል ኢንቫይሮንመንት (የራሱ ሕግና ቁልፍ ያለው የዲፕሎይ መድረሻ) ከፈትኩ፣ ዲፕሎይ ማድረግ የሚችለው ብራንች ሜይን ብቻ እንዲሆን አደረግኩ፣ የሰርቨሩን ቁልፍም ከሪፖው (የኮዱ ማከማቻ) ሴክሬት፣ ከሚስጥር ማስቀመጫው፣ አውጥቼ እዛ ውስጥ አስገባሁት። እዚህ ጋ ተጠንቀቁ፣ የድሮውን ከሪፖው ካልሰረዛችሁት የትኛውም ብራንች ኢንቫይሮንመንቱን ሳይጠራ ያነበዋል፣ ልፋታችሁ ከንቱ ነው። እኔ ደግሞ ቁልፉን ራሱን ቀየርኩት። ከዛ ልጁን "በል እንደዛው አድርገህ ሞክር" አልኩት፣ ሞከረ፣ ብራንቹ ወደ ፕሮዳክሽን ዲፕሎይ ማድረግ አይፈቀድለትም የሚል ቀይ ጽሑፍ መጣለት፣ ስክሪንሾት አንስቶ ግሩፑ ላይ ለጠፈው።

አሁን የሚተርፈን ደቂቃ አለ። አንድ ሳልነግራችሁ፣ ፑሽ ስር ብራንችስ ብቻ ከጻፋችሁ ታግ (የቨርዥን ምልክት) ፑሽ ሲደረግ ምንም አይነሳም። በቨርዥን ታግ ሪሊዝ የምታወጡ ከሆነ ታግስ የሚል መስመርም ጨምሩ።