ደሴ ቁጭ ብዬ ዲስቶፒያ እንዴት ጻፍኩ

ዲስቶፒያ፣ ማለትም ሥርዓቱ የከፋበትን ምናባዊ ዓለም የሚተርክ ልብወለድ፣ ማንበብ የጀመርኩት ብዙዎቻችን በገባንበት በር ነው፤ በጆርጅ ኦርዌል። ወደ መጻፍ የገፋኝ ግን የመጽሐፉ ርዕስ ነው። ኦርዌል እ.ኤ.አ. በ1949 አሳትሞ «1984» አለው። ለሱ ያ ዓመት ገና የሚመጣ ነበር። ለወሎ ሰው ግን እ.ኤ.አ. 1984 ማለት ሰባ ሰባት ነው፤ ኮረምና ባቲ መጠለያ ማለት ነው።

የዚያ ዓመት መስከረም አዲስ አበባ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት እያከበረች ነበር፤ የደርጉ ፓርቲ ኢሠፓም ያኔ ተመሠረተ። እዚህ ሰው ይረግፋል። ዓለም ጉዳዩን ያየው በጥቅምት፣ ቢቢሲ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም ባሳየው ዘገባ ነው።

ከዚያ በፊት የሆነው ደግሞ የባሰ ይገርማል። በስድሳ ስድስቱ ረሃብ የንጉሡ መንግሥት ነገሩን ሸፋፍኖ ነበር፤ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ቀርጾ አወጣው። ደርግ ያንን ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር እያፈራረቀ የ1967 እንቁጣጣሽ ማታ በቴሌቪዥን ለቀቀው። በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። የታየው ረሃብ ውሸት አልነበረም። ግን በወሎ ረሃብ ወንበር ላይ የወጣ መንግሥት፣ አሥር ዓመት ቆይቶ የወሎን ረሃብ ለበዓሉ ሲል ደበቀ። ይሄን ሳወጣ ሳወርድ ታሪኬ ራሱ መጣ፦ «ዳግም አንራብም» ብሎ የተነሳ መንግሥት፣ ረሃብ ጠፍቷል ብሎ ያወጀበት ከተማ። እዚያ «ርቦኛል» ያለ ሰው መንግሥትን ሐሰተኛ ብሏል።

ብዕር ከማንሳቴ በፊት አነበብኩ። የያዝኩት ጥያቄ አንድ ነው፤ ይሄ ሰው ሲጽፍ የተጣላው ከማን ጋር ነው? መልሱ ብዙ ጊዜ «ከገዛ ቤቱ ጋር» ሆኖ አገኘሁት። ኦርዌል ሶሻሊስት ነበር። ስፔን ሄዶ ከፋሺስቶች ጋር ሲዋጋ እ.ኤ.አ. በ1937 አንገቱን በጥይት ተመቷል። ያመለጠው ግን ከፋሺስት ጥይት ብቻ አይደለም። ሞስኮ የምትደግፋቸው ኮሚኒስቶች የሱን ሚሊሻ ከሃዲ ብለው ያሳድዱ ነበር። «1984 ሶሻሊዝምን ለመርገም የተጻፈ ነው» የሚል ካጋጠማችሁ ይሄን ጠይቁልኝ። ሩሲያዊው ደራሲ የቭጌኒ ዛምያቲንም እንዲሁ ነው። በወጣትነቱ ቦልሼቪክ ሆኖ በዛሩ ዘመን ታስሯል። አብዮቱ ካሸነፈ በኋላ «እኛ» የተባለውን ልብወለድ ጻፈ። ሀገሩ ላይ የታተመለት እ.ኤ.አ. በ1988 ነው፤ እሱ ከሞተ ከአምሳ ዓመት በኋላ።

የአልዶስ ሃክስሊው ለየት ይላል። እ.ኤ.አ. በ1932 ባወጣው መጽሐፍ ውስጥ በዱላ የሚገዛ የለም፤ ሰው የሚገዛው በደስታ ክኒን ነው፤ የሚመለከውም የመኪና ፋብሪካው ባለቤት ፎርድ ነው። እንደ እውነቱ እኔን የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው። ለኔ ታሪክ ግን ብዙ አልሆነኝም፤ የኛ ጉዳይ የእህል ነው።

ከኛ ሰው በዓሉ ግርማን አስቀደምኩ። «ኦሮማይ» ዲስቶፒያ አይደለም፤ ደርግ በኤርትራ ያካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ልብወለድ ነው። ግን በዓሉ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ነበር፤ ዘመቻውንም እዚያው ሆኖ አይቶታል። መጽሐፉ በ1975 ወጣ፣ ወዲያው ተሰበሰበ። የካቲት 1976 ላይ ደራሲው ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ሥርዓትን ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ሲጽፍ ገጹ ላይ ያስታውቃል፤ የቢሮው ሽታ ሳይቀር አለ።

እኔ ግን ከውስጥ አልነበርኩም። ስለዚህ የነበሩትን መጠየቅ ነበረብኝ። ስለ እስርና ግድያ ስጠይቅ ሰው አንገቱን ይደፋል፤ ወይ ከሬዲዮ የሰማውን ይደግምልሃል። ስለ ስኳር ሰልፍ ስጠይቅ ግን ወሬው ይፈሳል። የሰፈራችን አንዲት እናት ቡና እያፈሉ ነገሩኝ። በደርግ ዘመን ስኳርና ሳሙና የሚሸጠው በቀበሌው ኅብረት ሱቅ፣ በኩፖን ነበር። ሰው ተራውን በድንጋይ ይይዛል፤ ድንጋዩን የሚያንቀሳቅስ ደግሞ አይጠፋም።

«መቼም እትዬ፣ ክፉ ዘመን ነበር» አልኳቸው።

«ልጄ፣ አትቸኩል። ሰልፉም የነሱ ነው፣ ፊደሉም የነሱ ነው። እኔ በመሠረተ ትምህርት ነው ስሜን የጻፍኩት።»

«መጀመሪያ ያነበቡት ምን ነበር?»

«የቀበሌው በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት። ስኳር የለም ይላል!» ሲስቁ ረከቦቱ ተንቀጠቀጠ።

ከመጻሕፍቱ ሁሉ የጠቀመኝ ይሄ ወሬ ነው ብል አላጋነንኩም። ርዕዮተ ዓለም ሰው ልብ ውስጥ የሚገባው በዱላ አይደለም፤ የምር የሚያስፈልገውን ነገር ይዞ ነው። መሬት ላራሹ የምር ጥያቄ ነበር፤ የካቲት 25 ቀን 1967 አዋጁ ሲታወጅ የወጣው ሰልፍም የምር ደስታ ነው። ያው መንግሥት ነው በኋላ ገበሬውን በኮታ፣ ራሱ በቆረጠው ዋጋ እህልህን ሽጥልኝ ያለው። በሰባ ሰባት ደግሞ ከወሎ ገበያ ሳይቀር ሰው እየተከበበ ለሰፈራ ተጫነ። አንባቢ የመጀመሪያውን ደስታ ካላየ ሁለተኛው አይገባውም። ስለዚህ የልብወለዴን የመጀመሪያ ምዕራፍ በሙሉ ለደስታ ሰጠሁት፤ እህል ይታደላል፣ ይዘፈናል፣ ሕፃናት ይጠግባሉ።

ክፋቱን ያስገባሁት በቁና ነው። ገበያችን ላይ እህል ሲሰፈር ቁናው አናቱ ላይ ይቆለላል፤ ሻጩ በእጁ ደገፍ አድርጎ እስኪንሸራተት ይጨምራል። ልጆች ሥር ሥሩን ይለቅማሉ። በኔ ከተማ አንድ ቀን መመሪያ ይመጣል፤ ለፍትሐዊነት ሲባል ቁናው በዱላ ይስተካከል። እህል ሰፋሪዋ ዱላውን በቁናው አፍ ላይ ትጎትታለች። ቁልሉ ይወርዳል፤ ወደ መንግሥት ከረጢት ይገባል። ማንም አልተመታም። ቁጥሩም አልተቀየረም፤ ትናንትም አንድ ቁና፣ ዛሬም አንድ ቁና። ወታደርና የስለላ ካሜራ ያለበት ምዕራፍም ነበረኝ፤ ይሄን ከጻፍኩ በኋላ ቆርጬ ጣልኩት።

ሌላው ነገር ሳቅ ነው። የፈረንጆቹ ዲስቶፒያ ውስጥ ሰው ብዙ አይቀልድም። ወሎዬ ሳይቀልድ ተርቦም አያውቅ። የኔ ገጸ ባሕርያት ሰልፍ ላይ ሆነው ባለሥልጣኑን በቅኔ ይሸነቁጣሉ፤ ባለሥልጣኑም ገብቶት አብሮ ይስቃል፤ ማታ ግን ስማቸውን ይጽፋል። ይሄ ሰውዬ ጨካኝ ከሚባለው አለቃው ይልቅ አስፈሪ ሆኖ ወጣልኝ።

ረቂቁን ፒያሳ አካባቢ ለምንሰበሰብ ጓደኞቼ ሰጠኋቸው። አንዱ «ደርግ ነው» አለ። ሌላው «አረ ባክህ፣ ኢሕአዴግ ነው» አለ። ሦስተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የአሁኖቹን ጠራ። በዚያ ትውልድ ኢሕአፓ የነበሩ አንድ ጋሼ ደግሞ «መኢሶኖች እንዲህ ነበሩ» ብለው ሁላችንንም አሳቁን። ሁሉም የየራሱን ባላንጣ አገኘበት፤ ራሱን ያገኘ የለም። ስለዚህ የአንድ ፓርቲ መለያ የሚመስሉ ቀለሞችንና መፈክሮችን ከረቂቁ አወጣሁ። ለሰፋሪዋም አንድ ዕድል ጨመርኩ፤ ዱላውን ለመጣል የምትችልበት፣ ግን ለልጆቿ ብላ የማትጥልበት። ይሄን ክፍል ያነበበ ጓደኛዬ «እኔም አልጥለውም ነበር» አለኝ።

ያልፈታሁት ነገር አለ። ታሪኩን ለአንድ ሸህ በቃል ተረክኩላቸው። ጫታቸውን እየቀነጠሱ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና «እኔ ምልህ፣ እህሉ ቢጎድልም በየወሩ ይደርሳል ነው የምትለው?» አሉ። «አዎ» አልኩ። «ለሁሉም?» «ለሁሉም።» «ታዲያ በሰባ ሰባት እኛን እዚያ በወሰዱና!» ጥያቄውን እንዳለ ለአንድ ሽማግሌ ገጸ ባሕርይ ሰጠሁት። ሰፋሪዋ ምን ብላ እንደምትመልስለት እየጻፍኩ እየሰረዝኩ ነው።