የንግድ ባንክን ማማ ከነሰፈሩ ፎቶግራፍ ማንሣት

በአዲስ አበባ ብሔራዊ ቴአትር አጠገብ የቆመው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት፣ የካቲት 6 ቀን 2014 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የከተማዋ መለያ ሆኗል። በብዙዎቹ ፎቶግራፎች ግን ሕንፃው ከሰማይ በቀር ጎረቤት ያለው አይመስልም። እኔ የፈለግሁት 209 ሜትር ከፍታ ያለውን ይህን ማማ፣ በዙሪያው ከበቀሉት የባንክ ሕንፃዎችና ከእነርሱ በፊት ከነበሩት ጋር በአንድነት የሚያሳዩ ተከታታይ ፎቶግራፎችን ማዘጋጀት ነበር።

መጀመሪያ የፈታሁት ጥያቄ የርቀት ነው። ሰው ከሕንፃው ሥር ቆሞ ካሜራውን ወደ ላይ ሲያንጋጥጥ፣ ቀጥ ያሉት የግድግዳ መስመሮች ወደ ላይ እየጠበቡ ስለሚሄዱ ሕንፃው ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል። ይህን ለማስቀረት ካሜራው ሳያዘነብል ቀጥ ብሎ መያዝ አለበት። የተለመደው የስልክ ሌንስ በቁም ሲያዝ 70 ዲግሪ ያህል ስለሚሸፍንና ከዚህ ውስጥ ከዓይን መስመር በላይ የሚውለው ግማሹ ብቻ ስለሆነ፣ በሜዳማ ቦታ የማማውን ጫፍ ለማስገባት 300 ሜትር ገደማ መራቅ ያስፈልጋል። በዚያ ሰፈር ደግሞ ዛፍ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ወይም ሌላ ሕንፃ ሳይጋርድ ይህን ያህል መራቅ አስቸጋሪ ነው። ሆኖም ስሌቱ አንድ ጠቃሚ ነገር አሳየኝ፤ ካሜራው ቀጥ ብሎ ሲያዝ የፎቶው የታችኛው ግማሽ በሙሉ ለመንገዱ፣ ለታክሲዎቹና ለዝቅተኞቹ ሕንፃዎች ይቀራል። ሰፈሩን ለማስገባት ሌላ ብልሃት መፈለግ አላስፈለገኝም ማለት ነው።

ከሁሉም የተሻለውን መቆሚያ ያገኘሁት ከሕንፃው ርቄ፣ ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር በሚወርደው የቸርችል ጎዳና የላይኛው ክፍል ነው። መንገዱ ቁልቁለት በመሆኑ የሚያነሣው ሰው ከማማው መሠረት ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ካሜራውንም ማንጋጠጥ አያስፈልገውም። ከዚያ ርቀት ረዘም ያለ ሌንስ ስጠቀም ሕንፃዎቹ እርስ በርስ የተጠጋጉ ስለሚመስሉ፣ የማማው ግዝፈት በጎረቤቶቹ መጠን ይለካል።

በብርሃን ረገድ ወሳኙ የዓመቱ ወቅት ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ የቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል ታልፋለች፤ ከፒያሳ ወደ ታች ለሚመለከት ሰውም ከማማው ጀርባ ትሆንና መስታወቱን ታጠቁረዋለች። ስለዚህ በእነዚያ ወራት ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ያለውን መረጥሁ። በሰኔና በሐምሌ ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ብትሻገርም ደመናው አያሠራም። ምሽት ላይ ደግሞ ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ የሚቆየው ከሃያ ደቂቃ እምብዛም ስለማይበልጥ መቆሚያውን አስቀድሞ ማዘጋጀት ይገባል። ለቀን ፎቶ እሑድ ጠዋት መንገዱ ባዶ ስለሆነ ይመቻል፤ ለምሽት ግን የቢሮዎቹ መብራት የሚበራው በሥራ ቀን ነው።

በጣም ጊዜ የሰጠሁት ማማውን ከአሮጌው ክብ የባንክ ሕንፃ ጋር ለማጣመር ነው። ክቡን የነደፈው ፈረንሳዊው አርክቴክት አንሪ ሾሜት ሲሆን፣ የአዲሱ ንድፍ ደግሞ ሄን የተባለው የጀርመን ድርጅት ሥራ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ የአንድ ተቋም ሁለት ዘመኖች ይነበባሉ። በእኔ ዓይን ክቡ ሕንፃ ዛሬም ከማማው ይልቅ የባንክነት ግርማ አለው፤ ይህን ስል የማይስማሙ ወዳጆች አሉኝ።

በሰንጋ ተራ በኩል ሁኔታው ሌላ ነው። የ1986ቱ የባንክ ሥራ አዋጅ ለግል ባንኮች በር ከከፈተ በኋላ የተቋቋሙት ኅብረት፣ ንብና ዘመን ባንኮች ዋና መሥሪያ ቤቶቻቸውን እዚያው ስለገነቡ፣ ማማው በእነርሱ መካከል ሲታይ ብቸኛ ግዙፍ መሆኑ ይቀርና የውድድር አካል ይሆናል። እዚህ ላይ ሰፊ ሌንስ አልጠቀምም፤ አጠገብ ያለውን ሕንፃ አግዝፎ ማማውን ስለሚያሳንሰው የከፍታው ንጽጽር ሐሰት ይሆናል።

ባንኮች በበዙበት ሰፈር ጥበቃዎች ካሜራ ሲያዩ መጠየቃቸው ተገቢ ነው። «ወንድሜ፣ ፎቶው ለምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ሳይመጣ ቀድሜ ሰላምታ ሰጥቼ፣ መታወቂያዬን አሳይቼ፣ ያነሣሁትንም ከካሜራው ላይ እንዲመለከቱ አደርጋለሁ። የመግቢያ በሮችንና የፍተሻ ቦታዎችን አላነሣም፤ ፈቃድ ከተከለከልሁም ሳልከራከር ወደ ሌላ መቆሚያ እሄዳለሁ።

ለእያንዳንዱ ፎቶ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የቆምሁበትን ቦታና የተጠቀምሁበትን ሌንስ እጽፋለሁ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ፒያሳን ሲለውጥ በፊት የነበሩ ብዙ ምልክቶች ከቦታቸው ጠፍተዋል። አሮጌውንና አዲሱን ፎቶ ከአንድ ነጥብ ለማነጻጸር የሚያስችለኝ ያ ማስታወሻ ነው፤ መቆሚያዬን የምለካውም ሊፈርስ ከሚችል ሱቅ ወይም አጥር ሳይሆን ከማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ ነው።